ሲድኒ ባርንስ፤ ስመ ጥሩ የክሪኬት ኳስ ወርዋሪ

የክሪኬት ጨዋታ በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ፥ የሲድኒ ባርንስን ታሪክ ከመጻፋችን በፊት ጨዋታውን በአጭሩ እንገልጻለን። ወርዋሪው ኳሱን በመሬት ወደ ተተከሉ ሦስት እንጨቶች ይወረውራል፤ መቺውም በያዘው ጠፍጣፋ እንጨት እየመታ ይከላከላል። ኳሱ እንጨቶቹን ከመታ፥ ወይም መቺው የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ፥ መቺው ከጨዋታው ይወጣል።

ባርንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስሜዝዊክ ከተማ ተወለደ። ከወርዋሪዎች አንዳንዶቹ በፍጥነት፥ ሌሎቹ ደግሞ ኳሱን በጣታቸው በማሽከርከር ይታወቃሉ። ባርንስ ግን ሁለቱን አዋሐደ። በፍጥነት የወረወረው ኳስ በአየር ላይ ይጎብጣል፤ መሬት ነክቶ ሲነሣም አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፥ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ይታጠፋል።

በ1901 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቡድን አለቃ ማክላረን ባርንስን ከአነስተኛ የከተማ ጨዋታ አውጥቶ ወደ አውስትራልያ ወሰደው። ምርጫው ብዙ ሰው አስገረመ፤ እርሱ ግን በሜልቦርን በአንድ ግጥሚያ 13 መቺዎችን አስወጣ።

በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ተጫዋቾች ያለ ደመወዝ በሚጫወቱ ጌቶችና በደመወዝተኞች የተከፈሉ ነበሩ። ባርንስ ደመወዝተኛ ነበር፤ የድካሙንም ዋጋ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከላንካሽየር ቡድን ጋር በውል ነገር ስላልተስማማ በ1903 ዓ.ም. ተለየ። ከዚያም ይበልጡን በትንንሽ ማኅበሮች ተጫወተ። ስለዚህ ለአገሩ የተሰለፈው በ27 ግጥሚያዎች ብቻ ነው፤ በእነዚህም 189 መቺዎችን አስወጣ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው በ1913 እና በ1914 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የፈጸመው ነው። በ4 ግጥሚያዎች 49 መቺዎችን አስወጣ፤ ከእነዚህም 17ቱ በጆሃንስበርግ በአንድ ግጥሚያ የወጡ ናቸው። በአንድ ተከታታይ ውድድር ይህን ያህል ያስወጣ ሌላ ወርዋሪ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይሁን እንጂ በክፍያ ምክንያት ክርክር ተነሥቶ አምስተኛውን ግጥሚያ አልጫወትም አለ። ወዲያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ለእንግሊዝ ዳግመኛ አልተሰለፈም።

በዚህ ነገር እኛ ተማሪዎች ስንከራከር አሳባችን ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቻችን ጓደኞቹን ትቶ መቅረቱን ነቀፍን፤ ገሚሶቻችን ግን ሠራተኛ ዋጋውን መጠየቁ ነውር አይደለም አልን። ሁላችንም የተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር ትጋቱ ነው። በ1928 ዓ.ም. በ55 ዓመቱ ከዌልስ ቡድን ጋር ተሰልፎ 12 የምዕራብ ህንድ ደሴቶች መቺዎችን አስወጣ። በስታፎርድሽየር መሥሪያ ቤትም በውብ የእጅ ጽሑፉ ሰነዶችን ይጽፍ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በ94 ዓመቱ ሲሞት፥ ኳስ ያሽከረከሩት ጣቶች ብዕርም አሳምረው የያዙ እንደ ነበሩ ይታወስለት ነበር። እኛም የተሰጠንን ሥራ ሁሉ፥ ትንሽም ቢሆን፥ እንደዚሁ አጥርተን መሥራት ይገባናል።