ሐኪሙ ማሬና የስፖርት መምህር ዓይን

እጩ መምህራን፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አሎሎ ወርውሮ ቅርብ የጣለ ልጅ ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን ምን እንላለን? አቅም የለህም፣ ጠንክር ብለን እናልፋለን። ልጁም ደካማ ነኝ ብሎ ያምንና በቃ፣ ከሜዳው ዳር ይቀመጣል። ለመሆኑ ጉድለቱ የአቅም ነው ወይስ የአወራወር? ይህን ለይቶ ማየት እንደሚቻል ካሳዩት ሰዎች አንዱን፣ ፈረንሳዊውን ኤትየን ዡል ማሬን ዛሬ እናስተዋውቃችሁ። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሬ በ1830 በቦን ከተማ ተወለደ። ምኞቱ መሐንዲስ መሆን ነበር፤ አባቱ ግን ሐኪም እንዲሆንላቸው ፈለጉ። ቃላቸውን ሳይጥስ ፓሪስ ገብቶ ሕክምና ተማረ፤ ይሁን እንጂ የመሣሪያ ፍቅሩ አልለቀቀውም። ሐኪም ሆኖ የመሐንዲስ ሥራ ሠራ ብንል አልተሳሳትንም። የደም ሥር ትርታን በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ አበጀ። በ1869 ኮሌዥ ደ ፍራንስ በተባለው የታወቀ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነ።

ቀጥሎ ፊቱን ወደ እንቅስቃሴ መለሰ። በሯጭ ጫማ ሶል ውስጥ አየር ያለበት ክፍል ሠርቶ፣ ሯጩ በእጁ ከያዘው መመዝገቢያ ጋር በቱቦ አገናኘው። እግር መሬት ሲረግጥ አየሩ ይታመቃል፤ መመዝገቢያውም ይጽፋል። በ1882 በሰከንድ 12 ፎቶ የሚያነሣ፣ ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠራ። በዚያው ዓመት በፓሪስ ዳር፣ በቧ ደ ቡሎኝ፣ የምርምር ጣቢያ ተቋቋመለት፤ ረዳቱም ዦርዥ ደመኒ ነበር።

እዚያ የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነው። ሰውየውን ጥቁር ያለብሰዋል፤ በክንዱና በእግሩ ላይ ነጭ መስመር፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነጭ ነጥብ ያደርጋል፤ ከዚያ በጥቁር ግድግዳ ፊት ያስሮጠዋል። በአንድ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ ሲያነሣው ገላው ይጠፋና መስመሮቹ ብቻ ይቀራሉ። እግሩ መቼ እንደታጠፈ፣ ዳሌው የት እንደደረሰ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ1900 የፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜም ማሬና ባልደረቦቹ የአሜሪካ አትሌቶችን እንቅስቃሴ በፎቶ አንሥተው መረመሩ። ማሬ በ1904 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ። አሎሎ ከእጅ ከወጣ በኋላ ማንም አያግዘውም። ርቀቱን የሚወስኑት ሲለቀቅ የነበረው ፍጥነት፣ አቅጣጫና ከፍታ ናቸው። ፍጥነቱ የሚጀምረው ከእግር ነው፤ ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ደረት፣ በመጨረሻ ወደ ክንድ ይተላለፋል። እግሩን ገትሮ በክንዱ ብቻ የሚገፋ ልጅ ትልቁን ኃይል ሳይጠቀምበት ይቀራል። ሽቅብ የሚወረውርም አለ፤ ይህም ርቀቱን ይቀንስበታል። ለአሎሎ የሚሻለው ማዕዘን ከ45 ዲግሪ ዝቅ ያለ ነው፤ ምክንያቱም አሎሎው የሚለቀቀው ከመሬት ሳይሆን ከትከሻ በላይ ነው፤ ሰውነትም ሽቅብ ከመግፋት ይልቅ ወደ ፊት ሲገፋ ይበረታል።

ካሜራ የለንም ብለን ምክንያት አንደርድር። የተማሪውን ትከሻ፣ ዳሌና ጉልበት ላይ ነጭ ጨርቅ እንሰርለትና ከጎኑ፣ ራቅ ብለን እንቁም። በአንዱ ውርወራ እግሩን ብቻ፣ በሚቀጥለው ዳሌውን ብቻ እንይ። ከዚያም አንድ ስሕተት ብቻ መርጠን እናርም፤ አምስቱን ባንድ ጊዜ ብንነግረው አንዱንም አይዝም።

እንግዲህ ነገ ሜዳ ስንወጣ፣ ልጁን ደካማ ከማለታችን በፊት እግሩን አይተናል ወይ ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።