ሙሴ ኢልግና የትከሻ ሸክም

ወለንጪቲ ያደግን ሁሉ አሮጌውን የምድር ባቡር ሐዲድ እናውቀዋለን። ይህን መሥመር አስቀድመው ካሰቡት ሰዎች አንዱ ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው፤ በአገራችን ሙሴ ኢልግ ይባል ነበር። ታሪኩን የመረጥሁት መሐንዲስነትንና ቤት ሠሪነትን ሳይለይ ስለ ሠራ ነው። ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኢልግ በ1854 በፍራውንፌልድ ተወለደ። በዙሪክ ምሕንድስና ተምሮ በ1879 ከሁለት የአገሩ ልጆች ጋር ሸዋ ገባ። ንጉሥ ምኒልክ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሰፋ አዘዙት ይባላል፤ ሰፋም። ብዙዎች ይህን ለሣቅ ያወሩታል። ለእኔ ግን ደኅና ፈተና ይመስለኛል፤ ጫማ ራሱ ቀላል ሆኖ የሰውን ክብደት ሁሉ የሚሸከም ነውና።

በክረምት አዋሽ ሲሞላ ገበያተኛውም ወታደሩም ማዶ ለማዶ ይቀር ነበር። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ኢልግ በአዋሽ ላይ የእንጨት ድልድይ ሠራ። የሠረገላ መንገድ አልነበረምና ግንዱ የመጣው በሰው ትከሻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ሊሸከመው የማይችለው ነገር በወረቀት ላይ ቢያምርም አይሠራም። ወፍራም ግንድ ለማምጣት ብዙ ሰው ይደክማል፤ ርቀቱ ሲበዛም በገዛ ክብደቱ መካከሉ ይጎብጣል። ቀጫጭን እንጨቶች በሦስት ማዕዘን ቢጋጠሙ ግን ማጋጠሚያው እስካልለቀቀ ድረስ መልካቸው አይለወጥም፤ አራት ማዕዘን ሲገፉት ይንጋደዳል። የቆርቆሮ ጣራ የሚያቆሙ የከተማችን አናጢዎች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ድልድዩ የኢልግ ይባላል፤ እኔ የተሸካሚዎቹም ነው እላለሁ።

በ1894 ከእንጦጦ ተራራ እስከ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውኃ በቧንቧ አወረደ። በዚያው ዓመት ከሙሴ ሸፍኔ ጋር የባቡር ፈቃድ ከአፄ ምኒልክ ተሰጠው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ሆነ፤ በአውሮፓ የተለመደው 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ ቀለል ያለ ብረትና አነስ ያለ ድልድይ ይበቃዋል፤ በተራራ ጥግም በአጭሩ ይዞራል።

ሥራው ግን በገንዘብ እጦት ተሰናከለ። በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ የፈረንሳይ መንግሥት እጁን በኩባንያው ስላስገባ፥ ምኒልክ የአገራቸው ነጻነት እንዳይነካ ሠጉ፤ ሐዲዱም ለዓመታት ቆመ። በእኔ አስተያየት ሥጋታቸው ትክክል ነበር። ከ1897 ጀምሮ የመንግሥት አማካሪ የነበረው ኢልግ በሁለቱ መካከል ሲጨነቅ ኖሮ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1916 ዙሪክ ላይ ዐረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ በእኛ በወለንጪቲ ሐዲዱ ያለፈው ከዚያ አስቀድሞ ነበር።