ለአገዳ ቆርቁር ጠላት ስም ያወጣው ፒተር ካሜሮን

የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ ሲሰነጠቅ አንዳንድ ጊዜ ከሞተ ትል አጠገብ የጥጥ ባዘቶ የመሰለ ነጭ ክምር ይገኛል። የተባይ እንቁላል ነው ብሎ የሚደመስሰው አይጠፋም። ክምሩ ግን የአገዳ ቆርቁርን ከውስጥ በልተው የሚገድሉ ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች የሚያድጉበት ሽፋን ነው። እናቲቱ ርዝመቷ ከሦስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በትሉ ቦይ ገብታ በአንድ ትል ውስጥ ብዙ ጊዜ 30 እና 40 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ወገኗ ኮቴሲያ ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ፒተር ካሜሮን ነው።

ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1847 የተወለደ የብሪታንያ ሰው ነው። እንጀራው የማቅለሚያ ኢንዱስትሪ ሥራ ሲሆን ነፍሳትን የሚያጠናው ግን በራሱ ፍላጎት ነበር። ዕፅዋት በል ስለሆኑ የብሪታንያ የተርብ ዘመዶች አራት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሟል። በኋላ ሥራውን አጣ፤ ጤናውም ታወከ። ከሮያል ሶሳይቲ በሚያገኘው ድጎማ በድህነት እየኖረ ከሩቅ አገር የመጡ ተርቦችን መመርመሩን አላቆመም።

እ.ኤ.አ. በ1891 ከሕንድ የተገኘችን አንዲት ተርብ ፍላቪፔስ፣ ማለትም ባለ ቢጫ እግር ብሎ ሰየመ፤ ኮቴሲያ የተባለውንም ወገን በእርሷ መሠረተ። በ1906 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ የመጣችውን ሴሳሚኤ አላት። የሚገርመው ይህችን የቅርብ ዘመድ በራሱ ወገን ሳይሆን አፓንቴለስ በሚባለው ሌላ ወገን ማስገባቱ ነው። ብዙ የሚጽፍ፣ ነገር ግን የሚቸኩል ሰው ነበር። በታኅሣሥ 1912 በኒው ሚልስ ከተማ ሲሞት አንድ የሙያ ባልደረባው ሥራው እጅግ ብዙና ዝብርቅርቅ መሆኑን ጽፏል። ትችቱ መራራ ቢሆንም ሐሰት አይደለም። ደግነቱ ናሙናዎቹ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ስለተቀመጡ ሌሎች መልሰው ሊያዩዋቸው ችለዋል። የካናዳው ተመራማሪ ሜሰን በ1981 አፓንቴለስን ከፋፍሎ ኮቴሲያን ከተረሳበት ሲያነሳ ሁለቱ ተርቦች በአንድ ወገን ተገናኙ።

ጉዳዩ ለእኛም ይመለከተናል። ሴሳሚኤ የአፍሪካ ተወላጅ ናት። ባለ ቢጫ እግሯን ግን ከእስያ የመጣውን የቆላ አገዳ ቆርቁር እንድትከላከል ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከፓኪስታን አስመጥቶ በ1993 በኬንያ ለቀቃት። በ1999 እና በ2000 በተደረገ አሰሳ፣ በኢትዮጵያ ማንም ሳይለቃት እዚህም ተገኘች። በመልክ ከተወላጇ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰሉ ባለሙያዎች የሚለዩዋቸው በወንዱ የመራቢያ አካል ነው። ስለዚህ ለምርመራ ናሙና የሚልክ የወረዳ ባለሙያ ነጩን ክምር በጥጥ በተወተፈ ጠርሙስ አቆይቶ፣ ተርቦቹ ሲወጡ ወንዶቹንም ጭምር በአልኮል ይላክ።