የ14 ዓመቱ ይድነቃቸው

ልጅ ሆነን መስቃን፣ ቡታጅራ ውስጥ የካልሲ ኳስ ስናሳድድ ስለ ጋሽ ይድነቃቸው ተሰማ የምናውቀው ጎል አግቢነታቸውን ብቻ ነበር። ጅማ የተወለዱት ጋሽ ይድነቃቸው ቅዱስ ጊዮርጊስን የተቀላቀሉት ክለቡ በተመሠረተበት በ1928 ዓ.ም. ገና በ14 ዓመታቸው ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የክለቡን ስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሰኘው፤ ጨዋታውንም በነጭና በጥቁር ከፈለው። ታዳጊው ግን ኳስን አልተዉም፤ ለዚያው ክለብ 23 ዓመት ተሰለፉ።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ካላመጣች አትሳተፍም ካሉት አንዱ ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነው፣ በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከዚህ አቋም ንቅንቅ አላሉም። ያንን የተከፈለ ሜዳ ስላልረሱት ይመስለኛል።