ኬን ማይልስ፦ ለትንንሽ መኪኖች ትልቅ ሞተር የገጠመው ሰው

እንደ ኮብራ ብዙ አምሳያ የተሠራላት የስፖርት መኪና በዓለም ላይ እምብዛም አትገኝም። በ1960ዎቹ ከፋብሪካ የወጡት እውነተኛዎቹ ኮብራዎች ወደ 1 ሺህ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየሀገሩ ጋራዥ በፋይበር ግላስ አካል የተሠሩት አምሳያዎች ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ከሁሉም ይበልጥ የምትቀዳው ባለ 7 ሊትር ሞተሯ ኮብራ ናት፤ ጎማዎቿን የሚሸፍኑት ፓራፋንጎዎች ወደ ውጭ ያበጡ፣ አፏ ሰፊ የሆነ። አምሳያ ሠሪዎች ከባዱን ሞተር በሰንሰለት አንጠልጥለው ወደ ጠባቡ ቦታ ሲያወርዱ የሚገጥማቸውን ጥያቄ ከ60 ዓመት በፊት በእጁ፣ በጆሮውና በመጨረሻም በሕይወቱ የፈተነ ሰው ነበር። እርሱም እንግሊዛዊው መካኒክና የመኪና ተወዳዳሪ ኬን ማይልስ ነው።

ማይልስ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1 ቀን 1918 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የትውልድ ስፍራው በእንግሊዝ በርሚንግሃም አጠገብ የምትገኘው ሰተን ኮልድፊልድ ስትሆን፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ 10 ቀን ቀርቶት ነበር። በወጣትነቱ በዎልስሊ የመኪና ፋብሪካ በለማጅነት ተቀጥሮ ሙያውን ከሥሩ ተማረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በታንክ ክፍል ገብቶ እስከ ሳጅንነት ደረሰ፤ በ1944 በኖርማንዲ ከዘመቱት መካከልም አንዱ ነበር።

ከጦርነቱ ሲመለስ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሙያ ግን ነበረው። ቀላልና ጠባብ በሆነች ፍሬዘር ናሽ በምትባል የእንግሊዝ መኪና ላይ ስምንት ሲሊንደር ያለውን የፎርድ ሞተር ገጥሞ መወዳደር ጀመረ። ቀላል አካልን ከብርቱ ሞተር ጋር የማጋባት ሐሳብ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለየውም።

በ1952 ባለቤቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በሎስ አንጀለስም የኤም ጂ መኪኖችን በሚያከፋፍል ድርጅት የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆነ። በዓመቱ ከኤም ጂ ዕቃዎች በራሱ እጅ በገነባት መኪና 14 ውድድሮችን በተከታታይ አሸነፈ። ቀጥሎም የፖርሽን ሞተር በእንግሊዟ ኩፐር ላይ ገጠመ፤ ይህች ድብልቅ መኪና ከራሱ ከፖርሽ መኪኖች ቀድማ ትገባ እንደነበር ይነገራል። ጓደኞቹ እንደሚያወሩት ማይልስ ምላሱ ስለታም፣ ለአለቃ የማይታጠፍ ሰው ነበር። ይህ ጠባዩ ብዙ በር ዘግቶበታል። የራሱን ጋራዥ ቢከፍትም በግብር ዕዳ ምክንያት ሊዘልቅበት አልቻለም።

በ1963 የእንግሊዙ ሩትስ ኩባንያ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ያሉት ሰዎች አንድ ችግር ነበረባቸው። ሰንቢም አልፓይን የምትባለው መኪናቸው መልኳ ያማረ፣ ጉልበቷ ግን የደከመ ነበር። ሌላ ሞተር ይገባባት እንደሆነ ለማወቅ ከባልደረቦቹ አንዱ የእንጨት ማስመሪያ ይዞ በየመኪና መሸጫው እየዞረ የሞተሮችን ርዝመትና ስፋት ለካ። ትልቅ ሥራ የተጀመረው በዚህች ማስመሪያ ነው። የፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር 4.2 ሊትር ሞተር ሊገባ እንደሚችል ታወቀ፤ ነገሩ በርግጥ ይሠራ እንደሆነ በርካሽ እንዲሞክረውም ማይልስ ተጠየቀ። የተሰጠው 600 ዶላር ነበር። እርሱም በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ሞተሩን ከነካምቢዮው አስገብቶ መኪናዋን መንገድ ላይ አወጣት። ሌላው ባለሙያ፣ ቴክሳሳዊው ካሮል ሼልቢ፣ ይበልጥ የተስተካከለችውን ናሙና በ10 ሺህ ዶላር ሠራ። ፋብሪካው ከተቀበለው በኋላ መኪናዋ ታይገር ተብላ በ1964 ለገበያ ቀረበች።

በዚህች መኪና ላይ የተደረገው ትግል ዛሬም ለመካኒኮች መሳቂያና መማሪያ ነው። ሞተሩ ቦታውን ከዳር እስከ ዳር ስለሞላው፣ በፋብሪካ ቀለም የተቀባውን የላሜራ ግድግዳ ሠራተኞች በመዶሻ እየቀጠቀጡ ነበር ቦታ የሚያስገኙለት። ከካንዴላዎቹ አንዱን ለመፍታትም በኮፈኑ በኩል እጅ ስለማይገባ፣ ከተሳፋሪው ክፍል በኩል ቀዳዳ ተበጅቶ በጎማ ክዳን ተዘጋ። ሞተር መግባቱ አንድ ነገር ነው፤ ገብቶ መጠገን መቻሉ ሌላ ነገር ነው።

ሼልቢም የራሱ ታሪክ ያለው ሰው ነው። በቴክሳስ ዶሮ ያረባ ነበር፤ የመጀመሪያው ዙር ጥሩ ትርፍ አስገኘለት፣ ሁለተኛውን ዙር ግን በሽታ ፈጀበትና ከሰረ። ከዚያ በኋላ ወደ መኪና ውድድር ገብቶ በ1959 በፈረንሳይ የሚካሄደውን የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ልቡ በመታመሙ መንዳት ሲያቆም፣ ኤ ሲ ኤስ የተባለችውን ቀላል የእንግሊዝ መኪና ወስዶ የፎርድን ሞተር ገጠመባት፤ ኮብራ የተወለደችው እንዲህ ነው። ማይልስም በ1963 ከሼልቢ ጋር መሥራት ጀመረ። የሼልቢ ሙያ ሰው ማሳመን ሲሆን፣ የማይልስ ደግሞ መኪናን ነድቶ ሕመሟን መናገር ነበር። ጥቂት ዙር ከነዳ በኋላ ወርዶ የትኛው ሞላ እንደላላ፣ የትኛው ፍሬን ወደ አንድ ወገን እንደሚስብ ይነግራቸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ኮብራዎች 4.2፣ ኋላም 4.7 ሊትር ሞተር ነበራቸው። ተፎካካሪዎች እየፈጠኑ ሲመጡ ማይልስ ይበልጥ ትልቅ የሆነውን፣ በአሜሪካ ለከባድ የውድድር መኪኖች የሚያገለግለውን ባለ 7 ሊትር የፎርድ ሞተር ለማስገባት ተነሣ። መኪናዋ ወደ አንድ ቶን ብቻ የምትመዝን ስትሆን አካሏ የቆመው በሁለት የብረት ቱቦዎች ላይ ነበር። ፊትና ኋላዋን የሚሸከማትም እንደ ድሮ ጋሪ አግድም የተጋደመ ባሌስትራ ነበር። በበሬ የሚያርስ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ቀንበሩና ሞፈሩ ሳይጠነክር ጉልበታም በሬ መጥመድ ዕቃ መስበር ነው።

በማርች 1964 ይህች መኪና በፍሎሪዳ ወደሚካሄደው የሴብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር ተወሰደች። ሴብሪንግ የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ በመሆኑ ሜዳው ገላጣ ነው። ማይልስ ግን በልምምዱ ሰዓት መንገድ ስቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። መካኒኮቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀጠቅጡ አድረው ለውድድሩ አደረሷት። ሆኖም እስከ ፍጻሜው አልዘለቀችም፤ ሞተሩ ከዳት።

በሚዛን ሲታይ ያ ሽንፈት ከድል ይልቅ ጠቅሟል። ትልቁ ሞተር በአሮጌው ሻንሲ ላይ እንደማይሆን በግልጽ ታየ። ሞተሩ ከብዶ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ መሬት ይጫናል፤ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ መሬት መያዝ ያቅታቸዋል። ቱቦዎቹ ሲጠማዘዙም መሪው የታዘዘውን አይፈጽምም። ስለዚህ በ1965 የወጣችው ባለ 7 ሊትር ኮብራ ከስሟ በቀር ብዙ ነገሯ አዲስ ነበር። የሻንሲው ቱቦዎች ውፍረት ከ3 ኢንች ወደ 4 ኢንች አደገ፤ ባሌስትራው ወጥቶ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ሞላ ገባ፤ የሞላዎቹን አሠራር ለመቀመርም የፎርድ መሐንዲሶች በዚያ ዘመን ብርቅ በነበረው ኮምፒውተር ተጠቀሙ። ጎማዎቹ ስለሰፉ ፓራፋንጎዎቹ አበጡ፤ ራዲያተሩ ብዙ አየር ስለሚሻ አፏ ሰፋ። ዛሬ አምሳያ ሠሪዎች ለውበት ብለው የሚቀዱት ቅርጽ የተገኘው ከዚህ ችግር ነው። ቅርጹን ቀድቶ በደካማ ሻንሲና በትንሽ ፍሬን ላይ ትልቅ ሞተር የሚጭን ሰው የሴብሪንጓን መኪና እንደገና ይሠራል ማለት ነው።

በዚያው ጊዜ የፎርድ ኩባንያ ከጣሊያኑ ፌራሪ ጋር ጠብ ላይ ነበር። በ1963 ፌራሪን ለመግዛት ያደረገው ድርድር ሳይሳካ በመቅረቱ፣ በሌ ማን ሊያሸንፈው ቆርጦ ተነሣ። የሠራት ጂ ቲ 40 የተባለች መኪና ግን በ1964 ሳይቀናት ቀረ፤ ሥራውም ለሼልቢ ቡድን ተላለፈ። ማይልስ መኪናዋን ከባልደረቦቹ ጋር ፈትሾ ካስተካከላት በኋላ በፌብሩዋሪ 1965 ከሎይድ ሩቢ ጋር የዴይቶናን 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈባት።

ከዚያም የተለመደው ጥያቄ መጣ፤ ባለ 7 ሊትሩ ሞተር በዚህችስ ይገባ ይሆን? ገባ። ማይልስ በሚሺጋን በሚገኘው የፎርድ መፈተኛ ሜዳ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳት፤ በሌ ማን ሊነዳ የሚፈልገውም እርሷን እንደሆነ አስታወቀ። ይሁን እንጂ ችግሩ ከመፍጠን ወደ መቆም ዞረ። ከባዷን መኪና ከዚያ ፍጥነት በየዙሩ የሚገታው የፍሬን ዲስክ እንደ ብረት አንጣሪ ፍም ይቀላና ይሰነጠቅ ነበር። ፊል ሬሚንግተን የተባለው የቡድኑ የእጅ ባለሙያ ዲስኩና ሸራው በውድድሩ መካከል ፈጥኖ የሚቀየርበትን ዘዴ ፈጠረ። ካምቢዮውም የሞተሩን ጉልበት እንዲችል ሆኖ ዳግመኛ ተሠራ። በ1965 በሌ ማን የተሰለፉት ባለ 7 ሊትሮቹ ሁለቱም ከውድድሩ ወጡ። አንድ ዓመት ሙሉ ዳግም ሲፈተሹ ከረሙ።

1966 የማይልስ ዓመት ነበር። ከሩቢ ጋር በፌብሩዋሪ የዴይቶናን የ24 ሰዓት፣ በማርች የሴብሪንግን የ12 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። በጁን ወር ሌ ማንን ቢጨምር ሦስቱን በአንድ ዓመት በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ይሆን ነበር። ውድድሩ ሲጀመር በሩ አልዘጋ ብሎት ለመቆም ተገደደ፤ ቢሆንም ከኒውዚላንዳዊው ዴኒ ሃልም ጋር እየተፈራረቀ የጠፋውን ጊዜ መለሰ። ፌራሪዎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ፎርዶቹ ብቻ ከፊት ቀሩ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ማይልስ ይመራ ነበር። የኩባንያው ኃላፊዎች ግን ሦስቱ መኪኖች ጎን ለጎን ሆነው እንዲገቡ ወሰኑ፤ ለፎቶግራፍ ያማረ፣ ለማስታወቂያም የሚመች ነበርና። ዕድሜውን ሙሉ ለአለቃ ያልታጠፈው ሰው በዚያች ሰዓት ታዘዘ፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ባልደረቦቹን ጠበቀ። ሁለቱ ፊተኞች እኩል ገቡ ቢባልም፣ የብሩስ ማክላረንና የክሪስ አሞን መኪና ከኋላ በመነሣቷ በ24 ሰዓት ውስጥ 20 ሜትር ያህል አብልጣ ሄዳለች ተብሎ ድሉ ለእነርሱ ተሰጠ። ማይልስ ሁለተኛ ሆነ። በውድድር ታሪክ ከዚህ የመረረ ሁለተኛነት ማግኘት ያስቸግራል።

ቢያዝንም ሥራውን አልተወም። ፎርድ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ መኪና ያዘጋጅ ነበር፤ ሞተሩ ያው ባለ 7 ሊትሩ ሲሆን አካሉ ግን እንደ ማር እንጀራ ባለ ብዙ ክፍል ከሆነ ስስ አሉሚኒየም የተበጀ ነበር። መኪናዋ እጅግ ቀለለች። ኦገስት 17 ቀን 1966 ማይልስ በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ቀኑን ሙሉ ሲፈትናት ዋለ። በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ፍጥነቷን ሲቀንስ መኪናዋ ድንገት መንገዷን ሳተች፤ ተገልብጣም ተሰባበረች። ማይልስ ከውስጧ ተወርውሮ ወዲያው ሕይወቱ አለፈ። 47 ዓመቱ ነበር። ታዳጊ ልጁ ከሜዳው አጠገብ ቆሞ ያይ ነበር። የአደጋው መንሥኤ እስከ ዛሬ በርግጠኝነት አልታወቀም።

ከዚያ በኋላ የመኪናዋ አካል ተለወጠ፤ ነጂውን ዙሪያውን የሚከብብ የብረት ቱቦ ጎጆም ተበየደባት። በ1967 በዳን ገርኒና በኤ ጄ ፎይት እጅ ሌ ማንን ያሸነፈችው ይህች የተሻሻለች መኪና ናት። በዚያው ሌሊት የእርሷ እኅት የሆነችውን መኪና ይነዳ የነበረው ማሪዮ አንድሬቲ ከግንብ ጋር ተላትሞ መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆነ። እርሱ ግን ጎድኑ ተሰብሮ፣ በብረቱ ጎጆ ውስጥ በሕይወት ተገኘ።