መርቆሬዎስ የተባለው የቬኒስ ሠዓሊ

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ምእመናን ማለዳ ከደጃቸው ሲወጡ ዓይናቸው የሚያርፈው በወጨጫና በእንጦጦ ተራሮች ላይ ነው። ከእነዚህ ተራሮች እስከ የረር በሚደርሰው ምድር፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ይቀመጡባት የነበረችውን ባራራን የታሪክ ሊቃውንት ይፈልጓታል። የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ በዚያው ዘመን ባዘጋጀው የዓለም ካርታ ላይ ስሟን አስፍሯታል። ትክክለኛ ስፍራዋ እስከ ዛሬ ቢያከራክርም፣ በዚህ ጽሑፍ የምናስታውሰው ሰው ስሙ ከዚህች ከተማ ጋር ተያይዞ ይነሣል። እርሱም የቬኒስ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ኒኮላ ብራንካሌዎን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብራንካሌዎን ወደ አገራችን የመጣው በ1480 አካባቢ፣ ገና በወጣትነቱ ነበር። ፍራንቸስካዊው አባ ፍራንቸስኮ ሱሪያኖ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ ደርሰው ከተመለሱ መልእክተኞች የሰሙትን ሲጽፉ፣ በንጉሡ ዘንድ ከተገኙት አውሮፓውያን መካከል ስሙን ቆጥረውታል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የመጡት የከበረ ዕንቁ ፍለጋ ነበር። ንጉሡ በሚገባ ቢያኖራቸውም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ግን አልፈቀደላቸውም፤ ስለዚህም እጅግ ያዝኑ ነበር።

የመመለሻ መንገድ የተዘጋበት ሰው በሐዘን ሊኖር ይችላል፤ ወይም ባለበት ምድር ሥር ሊሰድ ይችላል። ብራንካሌዎን ሁለተኛውን መረጠ። የአገሩን ቋንቋ ጠንቅቆ ተማረ፤ ሕዝባችን እጅግ በሚወደው በፈረሰኛው ሰማዕት ስም መርቆሬዎስ ተብሎ ተጠራ፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ በእንጨት ገበታና በብራና ላይ ሲሥል ኖረ። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ብራንካሌዎን ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ዘንድ የተከበረ ትልቅ ሰው ሆኖ አግኝቶታል።

ይሁን እንጂ የእመቤታችንና የሕፃኑ ኢየሱስ ሥዕል በእርሱ እጅ ወደ አገራችን ገባ ማለት ስሕተት ይሆናል። ከእርሱ አስቀድሞ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የእመቤታችን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን እንዲከበር አዝዘው ነበር፤ በዚያው ዘመን የኖረው መነኩሴ ፍሬ ጽዮንም እናትና ልጅን አስውቦ ይሥል ነበር። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው ሥዕሉ ለዚህ ምስክር ነው። እንግዳው ሠዓሊ የገባው እንግዲህ ባዶ ቤት አልነበረም፤ ፍቅሩ አስቀድሞ የበራበት ቤት ነበር።

በዚህ ቤት ውስጥ ግን አንድ ፈተና ገጠመው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ዘገበው፣ ሠዓሊው በአትሮንሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሣላት። በአገሩ በኢጣልያ ይህ የተለመደ ነበር። ሕዝቡ ግን ታወከ። በወንጌል በጎች በቀኝ፣ ፍየሎች በግራ እንደሚቆሙ የተማረ ምእመን፣ ጌታ በግራ መታየቱን እንደ ንቀት ቆጠረው። ንጉሡ ግን ሥዕሉን ወድዶት ስለ ነበር እንዲጠፋ አልፈቀደም።

እኛ በዚህ ታሪክ የተቆጡትን ሰዎች ልንነቅፍ አይገባንም፤ ያስቆጣቸው ለጌታ ያላቸው አክብሮት ነበርና። ሠዓሊውም ሊንቅ አላሰበም። አንዲት እናት ልጇን በግራዋ ስትይዝ ቀኝ እጇ ለሥራና ለመዳሰስ ነፃ ይሆናል፤ ሕፃኑም ወደ ልቧ ይጠጋል። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ሕፃን አከበሩ፤ የለያያቸው የአክብሮቱ ልማድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር የበለጠ ያስደንቃል። በ1569 የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ቅዱስ ፍራንቸስኮ ቦርጂያ፣ በሮማ በቅድስት ማርያም ማጆሬ የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል እንዲገለበጥ ፈቃድ አገኘ። ቅጂውም በማኅበሩ ሰዎች እጅ ወደ ብዙ አገሮች ደረሰ፤ ወደ ኢትዮጵያም ገባ። በዚህ ሥዕል ሕፃኑ የታቀፈው በእናቱ ግራ ክንድ ነው። ሚስዮናውያኑ በ1630ዎቹ ከአገር ሲባረሩ ሥዕሉ ግን ቀረ፤ የአገራችን ሠዓልያን በራሳቸው ቀለምና መልክ ደጋግመው ሣሉት፤ ምእመናንም እንደ ራሳቸው ተቀበሉት። አስቀድሞ ሕዝብን ያወከው አሣሣል እንዲህ የጸሎት ቤታችን ጌጥ ሆነ።

ብራንካሌዎን ወደ ቬኒስ መመለሱን የሚናገር ታሪክ የለም። እርሱ በኖረበት ዘመን ማግሥት በተነሣው ጦርነት ባራራ ጠፋች፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ከነሥዕሎቻቸው ተቃጠሉ። ይሁንና ከሥራዎቹ ጥቂቶቹ ተርፈዋል፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የእርሱን እጅ ከሚያሳዩት ስፍራዎች አንዱ ነው። ከሦስቱ ከተሞቻችን ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆችን በእመቤታችን ሥዕል ፊት ስታስቀምጡ ይህን ሰው አስታውሱ። ዕንቁ ፈላጊዎች ከነበሩት ባልንጀሮቹ በእጃቸው የቀረ ዕንቁ መኖሩን የሰማንበት ጊዜ የለም፤ ቋንቋችንን ተምሮ፣ ስማችንን ተቀብሎ፣ እናትና ልጅን ከሣለልን ሰው ግን የቀረን አለ። እኛም ለጎረቤታችን ስለ እምነታችን ስንናገር አስቀድመን ቋንቋውንና ልማዱን እናክብር፤ ልዩነት ሲያጋጥመንም እንደዚያ ንጉሥ ለመታገሥ ጸጋውን እንለምን።