ኦ. ሄንሪ፦ ካርታ ነዳፊው ደራሲ

ኦ. ሄንሪ በሚል የብዕር ስም የታወቀው አሜሪካዊ የአጭር ልብ ወለድ ደራሲ ዊልያም ሲድኒ ፖርተር ለእኛ ለመሐንዲሶች ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ስሙ ከመግነኑ በፊት የዕለት እንጀራውን ካገኘባቸው ሙያዎች አንዱ የካርታ ንድፍ ነበርና።

ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1862 በሰሜን ካሮላይና፣ በግሪንስቦሮ ከተማ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። በአጎቱ መድኃኒት ቤት እየሠራ በ1881 የመድኃኒት ቀማሚነት ፈቃድ አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ ቴክሳስ ተሻገረ። በ1887 አቶል ኤስቴስ የተባለችውን ወጣት አገባ። በዚያው ዓመት በኦስቲን ከተማ በግዛቱ የመሬት ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ከቀያሾች ማስታወሻ ካርታ ይነድፍ ጀመር። ለዚህ ሥራ ያበቃው ወዳጁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነበር። ይህ ሰው በ1890 አገረ ገዥ ለመሆን ተወዳድሮ ስላልቀናው፣ ፖርተርም በ1891 ሥራውን ለቆ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆነ። የሌላ ሰው ምርጫ ከንድፍ ጠረጴዛው አንሥቶ መከራው ወደሚጠብቀው ስፍራ ወሰደው።

የባንኩ የሒሳብ አያያዝ ዝርክርክ ነበር። ፖርተር በ1896 ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ ችሎት ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረውም ሸሽቶ በኒው ኦርሊንስ በኩል ሆንዱራስ ገባ። ይሁን እንጂ የሚስቱ የሳንባ ነቀርሳ መጽናቱን በሰማ ጊዜ፣ እስራት እንደሚጠብቀው እያወቀ በ1897 ተመለሰ። እሷም በዚያው ዓመት አረፈች። በ1898 የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። በኦሃዮ ወህኒ ቤት የጥንት ሙያው ደርሶለት የሌሊት መድኃኒት ቀማሚ ሆነ፤ እዚያም ሳለ በብዕር ስሙ ታሪኮችን ያሳትም ነበር። በመልካም ጠባዩ በ1901 ተፈታ። በእርግጥ ጥፋተኛ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ያከራክራል።

በ1902 ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ ለአንድ የእሑድ ጋዜጣ በየሳምንቱ አንድ ታሪክ ይጽፍ ነበር። በ1906 የወጣው «አራት ሚሊዮን» የተሰኘው መድበል ሃያ አምስት ታሪኮች ይዟል። ርእሱ፣ በኒው ዮርክ ሊታወቁ የሚገባቸው አራት መቶ ሰዎች ብቻ ናቸው ለሚለው የባለጠጎች አነጋገር የተሰጠ መልስ ነው። ፖርተር የቈጠረው የከተማውን ሕዝብ በሙሉ፣ ሱቅ ሻጯን፣ ጸሐፊውንና ክፍል ተከራዩን ጭምር ነው።

አንዳንድ ሐያስያን የታሪኮቹ መደምደሚያ በግጥምጥሞሽ ላይ የተመሠረተ ነው ብለው ይነቅፉታል። በጥድፊያ በተጻፉት ላይ ነቀፋው ተገቢ ነው። በተሻሉት ታሪኮች ግን አጋጣሚ የሚሠራው ግማሹን ብቻ ነው። ሚስት ለባሏ የሰዓት ሰንሰለት ለመግዛት ጠጕሯን ስትሸጥ፣ ባልም ለጠጕሯ ማበጠሪያ ለመግዛት ሰዓቱን ሲሸጥ፣ መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው፤ መሸጡ ግን የራሳቸው ውሳኔ ነው። የደራሲው ሕይወትም እንዲሁ ነበር። ባንክ ያስገባው አጋጣሚ ነው፤ የሸሸውም፣ ወደ ታመመች ሚስቱ የተመለሰውም ግን ራሱ ነው።

ፖርተር ጁን 5 ቀን 1910 በአርባ ሰባት ዓመቱ በኒው ዮርክ አረፈ።